የደጋ ሐይቅና ረግረግ፦ መጠቀምና ማድረቅ ለየቅል ናቸው

በበዓል ዋዜማ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ የወጣ ሰው ቄጠማ ሳያይ አይመለስም። ቄጠማው የሚታጨደው እግር ከሚሰምጥበት፣ ውሃ ካቆረ መስክ ላይ ነው። ብዙው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከረግረግ ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ ቡና ሲፈላ ወለል ላይ ተጎዝጉዞ ሲያገኘው።

ቄጠማው የበቀለበት መሬት ጉዳይ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የከተማው ወሬ ሆኗል። አንዱ ምክንያት ሎጅ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ይዞ ተነሳ። የወንጪ ሐይቁ ሎጅ በ2016 ዓ.ም ተመረቀ። ሌላው ምክንያት የከተማው መስፋፋት ነው። አዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሆለታና ወደ ሰበታ በተለጠጠች ቁጥር፣ ቤትና ፋብሪካ ክረምት ላይ ውሃ ወደሚተኛበት መስክ ይጠጋል።

ክርክሩ ሁለት ጎራ አለው። አንደኛው «ያልተነካ ተፈጥሮ ነው፣ ሰው አይድረስበት» ይላል። ሌላው «ለዘመናት ጦም ያደረ መሬት ነው፣ ይልማ» ይላል። ተቃራኒ ይመስላሉ። መነሻቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም መሬቱን እስከ ዛሬ ማንም ያልተጠቀመበት አድርገው ያዩታል።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የደጋ ሐይቆቻችንና ረግረጎቻችን ዛሬ ያላቸውን መልክ የያዙት ሰው ሲያርስባቸው፣ ሲያግጥባቸው፣ ሲያጭድባቸውና ሲያቃጥላቸው ኖሮ ነው። ስለዚህ ማየት ያለብን ሰው ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ብቻ አይደለም። ሰው ከተጠቀመበት በኋላ ውሃው እዚያው ይቀራል ወይ? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በሙሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

ጭቃው ውስጥ ምን አለ?

በደረቅ መሬት ላይ ሣር ሲሞት ይበሰብሳል። ሥራውን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ያገኛሉ፤ ቅጠሉን፣ ግንዱንና ሥሩን በልተው ይጨርሱታል። በውሃ በተሞላ መሬት ውስጥ ግን ኦክስጅን በጣም ትንሽ ነው። መበስበሱ ይዘገያል። የዘንድሮው ሣር ሳይበሰብስ የሚቀጥለው ዓመት ሣር ከላዩ ይወድቃል። እንዲህ እየተደራረበ የሚከማቸው ጥቁር፣ ቀላልና ጭረት ያለው የዕፅዋት ቅሪት ፒት ይባላል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተጠቅልሎ ወራት የሚቆየው አየር እንዳይገባው ስለሚታፈን ነው። ፒትም የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቆይታው ግን በሺህ ዓመታት ይቆጠራል።

ፒት የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው። በጥቅሉ ሲታይ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ፒት ለመከማቸት ሺህ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል ማለት ነው። ያንኑ አንድ ሜትር በቦይ ለመቅደድ አንድ ቀን ይበቃል።

በዓለም ላይ ፒት ያለበት መሬት ከየብሱ 3 ከመቶ ገደማ ቢሆን ነው። በውስጡ የያዘው ካርቦን ግን የዓለም ደኖች በሙሉ በግንድና በቅጠላቸው ከያዙት እንደሚበልጥ ይገመታል። በአፍሪካ ትልቁ የሚገኘው በኮንጎ ተፋሰስ መሐል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ስፋቱን 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የያዘውን ካርቦን ደግሞ 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ብሎ ገምቶታል።

የእኛ ሀገር ፒት በስፋቱ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሚገኘው በከፍታው ነው፤ በባሌ ተራሮች፣ በአርሲው የባዳ ተራራ፣ በሌሎች ብርዳማ ቦታዎችና በምዕራቡ ሸለቆዎች በየቦታው ተበጣጥሶ። በአብዛኛው የሚመገበው ከምንጭና ከተራራ ከሚወርድ ውሃ ነው። ይህ ማለት የረግረጉ ዕጣ ከላዩ ካለው ተዳፋት ጋር የተሳሰረ ነው። ላይ ያለው ገደል ከተራቆተ ታች ያለው ረግረግ በደለል ይታፈናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ውሃ የሚተኛበት መስክ ሁሉ ፒት የለውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ የምናያቸው ሜዳዎች፣ የሱሉልታን ሜዳ ጨምሮ፣ በብዛት ክረምት ላይ የሚጥለቀለቅና በጋ ላይ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ አፈር ናቸው። የካርቦን ክምችታቸው እንደ ፒት አይደለም። የውሃና የግጦሽ ጥቅማቸው ግን ትልቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማውራት ክርክሩን ያወሳስበዋል። አንዱን በካርቦን ሚዛን ብቻ የሚመዝን ሰው ሌላውን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል።

ሐይቁ ሥር ያለው ማስረጃ

ሐይቅና ረግረግ የሚወድቅባቸውን ነገር ያስቀራሉ። በየዓመቱ የአበባ ብናኝ፣ የከሰል ቅንጣትና ደለል ከታች ይነጠፋል። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ጭቃው እየሰደዱ ይህን ንጣፍ ያወጣሉ። ከዚያ በየደረጃው ያለውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ እያዩ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ይለያሉ። በዚህ ሥራ ከፍተኛ ድርሻ ከነበራቸው አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት መሐመድ ዑመር ናቸው።

እሳቸው የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የወሎ ጥናት በተለይ መነበብ አለበት። ናሙናው የተወሰደው «ሐይቅ» ከሚባለው ሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቅ ነው። ሁለቱም ከደሴ ብዙ አይርቁም። ውጤቱ ባለፉት 3,000 ዓመታት የሆነውን ያሳያል። የዝግባና የጽድ ደን ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት ተመንጥሮ ክትክታና ሣር ቦታውን ያዙ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ ጽድ እንደገና ተስፋፋ፤ ወይራም አብሮት መጣ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ምዕተ ዓመታት ደኑ ዳግም ተመናመነ።

ይህ ግኝት በየመድረኩ የምንሰማውን አንድ አባባል ያናጋዋል። «ከመቶ ዓመት በፊት የሀገሪቱ 40 ከመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ይባላል። የታሪክ ተመራማሪዎች የዚህን ቁጥር መሠረት ከጠየቁ ቆይተዋል። የሐይቆቹም ጭቃ አንድ ቀጥተኛ የቁልቁለት መስመር አያሳይም። ደን ጠፍቶ ተመልሷል፤ ተመልሶም ጠፍቷል። ደኑ የተመለሰውም ሰው ከሀገሩ ጠፍቶ አልነበረም። በእኔ እምነት ይህ የሚያጽናና መረጃ ነው፤ ጉዳቱ የማይሻር ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ ያሳያል።

ባሌ ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ወደኋላ በጣም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሰዎች ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዓለት ጥላ ሥር ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደኖሩ አሳይቷል። ቦታው ወደ 3,470 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የባሌ አናት በረዶ ነበረው። ሰዎቹ ግዙፉን ፍልፈል እያደኑ እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በ3,950 ሜትር ላይ፣ በረዶ ቦርቡሮ የሠራው ጋርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ። ከሥሩ የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ዙሪያውን ያለው የአስታ ቁጥቋጦ ከ10,000 ዓመት በላይ ሲቃጠልና ሲያቆጠቁጥ ኖሯል። በ1962 ዓ.ም ፓርክ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራራ ሰው ያልረገጠው ምድር ሆኖ አያውቅም።

ወደ አዲስ አበባ ስንጠጋ ደንዲ አለ። ስምንት ቁጥር የሚመስል፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ከሥሩ የወጣው ደለል የ12,000 ዓመት ያህል የዝናብ ታሪክ ይዟል። ጎረቤቱ ወንጪም እንደዚሁ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ፣ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ደሴቱ ላይ ወንጪ ቂርቆስ አለ። ገደሉ ውስጥ እንሰትና ገብስ ይበቅላል፤ ከብት ይሰማራል፤ ጠበል አለ፤ ፈረስና ጀልባ የሚያከራዩ ነዋሪዎች አሉ። የፈረሱን ተራ የሚያስተዳድረው የነዋሪዎች የኢኮቱሪዝም ማኅበር የተቋቋመው ከዛሬው ሎጅ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ የመረጠው ይህን ሁሉ ይዞ ነው። የተመረጠው መንደሩ ነው እንጂ ሰው አልባ ገደል አይደለም።

ቦይ ሲቀደድ የሚሆነው

ረግረግን የማድረቅ ሥራ በገበሬው ቋንቋ ማንጣፈፍ ነው። ቦይ ይቆፈራል። ውሃው ወደ ቦዩ ይወርዳል። ላዩ ይደርቃል። በመጀመሪያው ዓመት አዝመራው ያምራል፤ ለዚህም ነው የሚያጓጓው። ለዘመናት የተከማቸው የዕፅዋት ቅሪት አየር ሲያገኝ መበስበስ ይጀምራል፤ በውስጡ የነበረው ምግብ ለሰብሉ ይለቀቃል።

ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ሒሳቡ ይመጣል። የበሰበሰው ፒት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። መሬቱ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ቦዩ እንደገና ጠልቆ ይቆፈራል። ቦዩ በጠለቀ ቁጥር መሬቱ ይበልጥ ይወርዳል። በጣም የደረቀ ፒት ደግሞ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ውሃ ለመቀበል ያስቸግራል። እሳት ከያዘውም ከሥር እየጨሰ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ የፒት መሬት ለሩዝ ተብሎ ተንጣፈፈ። ሩዙ ሳይሳካ ቀረ። የተንጣፈፈው መሬት ግን ከዚያ በኋላ በደረቅ ዓመታት ደጋግሞ ነዷል።

ለአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚገባው ምሳሌ የሩዋንዳው ሩጌዚ ነው። ሩጌዚ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ የፒት ረግረግ ነው። ውሃው ወደ ቡሌራ ሐይቅ ይወርዳል። ከቡሌራ ወደ ሩሆንዶ ሐይቅ ሲወርድ ደግሞ የንታሩካን የኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ገበሬው መሬት ሲጠበው ረግረጉን አንጣፍፎ ማረስ ጀመረ። ተዳፋቱም ተራቆተ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የቡሌራ ውሃ ወረደ፤ የማመንጫውም ኃይል አሽቆለቆለ። ሀገሪቱ በናፍጣ ጄኔሬተር መብራት ለማምረት ተገደደች፤ የመብራት ዋጋም ናረ። የዝናብ ማነስና የማመንጫው አያያዝም ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም መንግሥት በረግረጉ ላይ እርሻ ከልክሎ ውሃው እንዲመለስ ሲደረግ፣ ሐይቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገገመ።

ይህ ብዙ ጊዜ የስኬት ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ስኬት ነው። ግን ወጪውን የከፈሉት ረግረጉ ላይ ያርሱና ከብት ያሰማሩ የነበሩ ድሆች ናቸው። መብራቱ የተመለሰለት የከተማ ሰው ነው። ይህን ሳይናገሩ ሩጌዚን መጥቀስ ልክ አይመስለኝም፤ በተለይ እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ሌላው ሰው ማሳ ስናወራ።

ሐይቅን የሚያደርቀው ቦይ ብቻም አይደለም። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሐረማያ በፓምፕ ነው የተጎዳው። የሐረር የመጠጥ ውሃ፣ የዩኒቨርሲቲው ፍጆታ፣ የጫትና የአትክልት መስኖ በአንድ ላይ ይቀዱት ነበር። ከተዳፋቱ የሚወርደው ደለል ደግሞ ከታች ይሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከሩቅ ቆላ ማምጣት ግድ ሆነባት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ተመልሷል። መመለሱ አስደሳች ነው። ነገር ግን ቀድሞ የተቀዳባቸው ምክንያቶች ዛሬም እዚያው አሉ።

ተጠቅመው ያላደረቁት

ኢሉባቦር ውስጥ ሌላ ዓይነት ልምድ አለ። በመቱ ዙሪያ ያሉ ሸለቆዎች ጨፌ በሚባል ሣር የተሞሉ ረግረጎች ናቸው። ጨፌው ለቤት ክዳን ይታጨዳል። ከምንጩ ውሃ ይቀዳል። በጋ ላይ ደግሞ ከፊሉ ተንጣፍፎ በቆሎ ይዘራበታል፤ በቆሎው የሚደርሰው የተራራው ማሳ ገና ባልደረሰበት የችጋር ወቅት ነው።

ማንጣፈፉ እዚህም አለ። ልዩነቱ ሥርዓቱ ነው። የረግረጉን ሥራ የሚያስተባብር አባ ላጋ የሚባል ሰው አለ። ልምድ ያላቸው ገበሬዎች ከሸለቆው ራስ ላይ ያለውን ረግረግ አይነኩም፤ ውሃው የሚመነጨው እዚያ መሆኑን ያውቃሉ። አዝመራው ሲነሳ ቦዩን መልሰው ይደፍኑታል። ክረምቱ ይሞላዋል። ከብት እንዳይረግጠው ይከላከላሉ። በደርግ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ የምግብ እጥረት ሲመጣ ከላይ በወረደ ትእዛዝ ረግረጎች በስፋት እንዲታረሱ ግፊት ተደርጎ ነበር። ይህ ሥርዓት በተጣሰባቸው ቦታዎች አፈሩ ደክሞ፣ ጨፌው ጠፍቶ፣ ተራ ሣር ብቻ የቀረባቸው ሸለቆዎች አሉ።

መንዝ ደግሞ ጓሳ አለ። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ በውስጡ ረግረግና ምንጮች የተበተኑበት የሣር ምድር ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ደንብ መሬቱ በተከታታይ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ በአንድ የበጋ ወቅት ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል። ደንቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሠራ እንደነበር ይነገራል። በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ የርስት ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጥበቃውም አብሮ ላላ። ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ አደራጅቶ መልሶታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው።

የድሮውን ደንብ ሁሉ ማሞገስ ግን አያስፈልግም። ቄሮ የርስት ባለቤት የሆነውን ይጠቅም ነበር፤ ርስት የሌለው ከደጅ ነበር። ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ቦታዎች የቆዩት ሰው ስላልነካቸው አይደለም፤ መቼ እንደሚነኩና መቼ እንደሚያርፉ የተስማማ ሰው ስለነበረ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ሦስት ሐሳቦች

«ረግረግ እንደ ስፖንጅ ጎርፍ ይመጥጣል፣ በጋ ላይ ይለቃል» ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። ሣር የሞላበት ሰፊ መስክ የውሃውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ደለል ያስቀራል። ግን በነሐሴ መጨረሻ ቀድሞውኑ እስከ አፉ የሞላ ረግረግ ተጨማሪ ዝናብ የሚይዝበት ቦታ ብዙ የለውም። ስለዚህ የቀበናን ወይም የባንተይቀጡን ወንዝ ጎርፍ፣ ከላይ ያለ ረግረግ ብቻውን ያቆመዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ሰውን ማዘናጋት ነው። አስፋልትና ጣሪያ የሚያወርደው ውሃ ከተማው ውስጥ ራሱ መፍትሔ ይፈልጋል።

«ረግረግ ሚቴን ያመነጫል፤ ማድረቁ ለአየር ንብረት ይበጃል» የሚልም አለ። ሚቴን ሙቀትን የሚያምቅ ጋዝ ነው፤ ከረግረግም በእርግጥ ይወጣል። ነገር ግን ሚቴን ከአየር ውስጥ በአሥር ዓመታት ገደማ ይጠፋል። ከደረቀ ፒት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ ፒቱ እስኪያልቅም መውጣቱን አያቆምም። በረጅም ጊዜ ሲሰላ ፒትን እርጥብ አድርጎ ማቆየት ይሻላል የሚለው የአብዛኛው ተመራማሪ አቋም ነው።

ሦስተኛው ዛፍ ነው። አረንጓዴ አሻራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረ ወዲህ ባዶ የመሰለ ቦታ ሁሉ የችግኝ ቦታ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። የተራቆተ ተዳፋት ላይ ዛፍ መትከል ረግረጉንም ይጠቅማል፤ ደለል ይቀንሳል። ረግረጉ ላይ ራሱ ባሕር ዛፍ መትከል ግን ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ በኃይል ይስባል። ረግረግ ማድረቅ የፈለገ ሰውም አስቦበት የሚተክለው እሱን ነው። እርጥብ የሣር መስክ ዛፍ የጎደለው ቦታ አይደለም። በራሱ የተሟላ ነው።

ለወንጪና ለከተማው ዙሪያ ምን ይጠበቃል?

ወንጪ ላይ ሎጅ መኖሩ ብቻውን ሐይቁን ያበላሻል ማለት አይቻልም። የገደሉ ውስጥ እርሻም ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ለዘመናት ደለል ሲያወርድ ኖሯል። እንዲያውም የተወሰነ ገቢ ከእርሻ ወደ እንግዳ ማስተናገድ ከዞረ በተዳፋቱ ላይ ያለው ጫና ሊቀንስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ገቢው እዚያው ለሚኖረው ሰው ከደረሰ ነው። ፈረስ አከራዩ ከሥራው ከወጣ ግን ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ማሳው ደግሞ ገደሉ ላይ ነው።

በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ሐይቅ አንድ ድክመት አለው። ውሃው ዝግ ብሎ ነው የሚታደሰው። ስለዚህ ከመጸዳጃና ከኩሽና የሚወጣ ፍሳሽ ወይም ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ከገባ ቶሎ አይወጣም። አልጌ ይበዛል፤ ጥርት ያለው ውሃ ይደፈርሳል። ምልክቱ ለዓይን የሚታየው ጉዳቱ ከቆየ በኋላ ነው። ለዚህ ነው የፍሳሽ ማጣሪያ ጉዳይ ከመንገዱና ከክፍሎቹ ውበት እኩል መነገር ያለበት።

በከተማው ዙሪያ ያሉት መስኮች የሚያሰጋቸው ሌላ ነው። ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ «ክፍት ቦታ» ወይም የወል ግጦሽ ተብለው ነው የሚቀመጡት። ካርታ የያዘ ባለቤት የላቸውም። ስለዚህ ለፋብሪካ፣ ለመኖሪያ ቤት ወይም ለመንገድ መሬት ሲፈለግ ከሁሉ የቀለለ ካሳ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ይህ የማንም ክፋት ላይሆን ይችላል። አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋል። በማሳው ላይ የሰፈረ ገበሬ ካሳ ይጠይቃል፤ ቄጠማ የሚያጭድ ወይም ሁለት ላም የሚያግጥ ድሃ ግን ምን ብሎ ይጠይቅ?

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ትኩረት ያላገኘ ነገር አለ። ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይሠራል፤ ፕሮጀክቱ በውሃ፣ በአፈርና በነዋሪው ላይ የሚያስከትለውን ለይቶ የሚያቀርብ ሰነድ ነው። መስክ ወጥቶ መለካት የሚቀለው በጋ ላይ ነው። መንገዱ ይደርቃል፤ መኪና ይገባል። ግን በጥር የታየ የሱሉልታ ሜዳ ደረቅ ሣር ነው። በነሐሴ የታየው ውሃ ነው። በጥር ብቻ የተሞላ ሰነድ «ጉልህ የውሃ አካል የለም» ብሎ ቢጽፍ፣ ያየውን ጽፏል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የበርጋ መስክ ይህን በደንብ ያሳያል። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች አንዷ፣ ክንፏ ነጭ የሆነና ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ የረግረግ ወፍ፣ እዚያ ትፈለፍላለች። የምትመጣው በክረምት ነው። የምትፈልገው ሣሩ ከፍ ብሎ ውሃው ሳይጠልቅ የሚተኛበትን ጥቂት ሳምንታት ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ተስማምተው በዚያ ወቅት ከብት ከመስኩ እንዲርቅ ሠርተዋል። ወፏ ስትሄድ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብቱም ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ስምምነት ርካሽ ነው። ግንብም አጥርም አይፈልግም። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል፦ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት የሸፈነ ጥናት፣ እና መስኩን የሚጠቀመው ሰው በስም የተመዘገበበት የይዞታ ሰነድ። አሁን በከተማው ዙሪያ ለግንባታ የሚተላለፉ እርጥብ መስኮች እነዚህ ሁለቱ ተሟልተውላቸው እንደሆነ መጠየቅ የሚቻለው ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ነው።